ዴልፊያ እሳት ልትጭር የመጣች ቀን

ዴልፊያ አመልካች ጣቷን ምላሷ ላይ ነካ አድርጋ ክሩን ትይዛለች። ቀኝ እግሯ መርገጫውን ይጫናል፤ የእንጨቱ መንኮራኩር ይዞራል፤ የተልባው ቃጫ ከግራ እጇ እንደ ሽበት እየሳሳ ይወርድና ጠምዘዝ ብሎ ክር ይሆናል። የተልባ ክር ደረቅ ከሆነ ይበጠሳል፤ ስለዚህ ጣቷ ከምላሷ ወደ ክሩ፣ ከክሩ ወደ ምላሷ ሲመላለስ ይውላል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ በግንድ ቤቷ ግድግዳ ስንጥቅ ሲገባ፣ የቱ ጉም፣ የቱ የምድጃው ጢስ፣ የቱ በእጇ ያለው ቃጫ እንደሆነ ለዓይን ያስቸግራል። እኔ ከጎረቤቱ የግንድ ቤት በር ላይ ቆሜ ሳያት፣ ጉሙን ራሱን የምትፈትለው ይመስለኝ ነበር።

የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ልጆቹን ምሽጉ በር ላይ አራግፎ ሲሄድ፣ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ እሷ ነው።

«አክስት ዴልፊያ፣ ስልክ የለሽም?»

«ምን አልሽኝ የኔ ልጅ? ስልክ? ወፍ ነው?»

«ወፍ አይደለም! ሰው የሚያናግሩበት ነው።»

«እኔ ሰው ማናገር ሲያምረኝ በሩን ከፍቼ እጮኻለሁ። አንቺ ኦሲ!»

እኔም ድስቴን እያማሰልኩ ከወዲያ፣ «ምን ሆንሽ? ድብ ገባብሽ እንዴ?» እላለሁ።

«ኧረ ከድብ የባሱ ሃያ ሰባት ልጆች ገቡብኝ!»

አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ጠጋ ብላ፣ «ግን እውነተኛ ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት አንድ ጊዜ። ዴልፊያ ክንዷን ዘረጋችላትና፣ «ቆንጥጪኝና እዪ። ቀስ ብለሽ ግን፤ ሥጋ የለኝም» አለቻት።

ምሽጋችን የጥንት ኑሮ ለጎብኚ የሚታይበት ነው፤ ሕጉም አንድ ነው። በሩ ከተከፈተ ጀምሮ ደወሉ እስኪደወል ዓመቱ አሥራ ሰባት መቶ ሰማንያ ሁለት ነው፤ ማንም ከዓመቱ አይወጣም። የምንለብሰው የዚያን ዘመን ቀሚስ፣ የምንበላው የዚያን ዘመን በቆሎና አደንጓሬ፣ የምንፈራውም የዚያን ዘመን ክረምት ነው። አንጥረኛችን አንድ ቀን ጎብኚ ስለ ኳስ ሲጠይቀው አፉ አምልጦት ውጤቱን ተናገረ። ይኸው አሥር ዓመት ሆነው፤ እስከ ዛሬ «ስንት ለስንት» ነው የምንለው እንጂ በስሙ የሚጠራው የለም።

ዴልፊያ ከዚህ በላይ ካለው ሸለቆ ነው የተወለደችው። ያኔ ምሽጉ ፈርሶ መሬቱ የላም ግጦሽ ነበር። አባቷ ሲያርስ የእርሳስ ጥይትና የሸክላ ስባሪ ከማረሻው ሥር ይወጣለት ነበርና እሷ በቀሚሷ እየለቀመች ትጫወትበት ነበር። ባሏ አርቪል የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ነበር፤ የግንድ ቤቶቹ እንደ ጥንቱ ይሠሩ ሲባል ግንዱን የቆረጠው እሱ ነው። ሃያ ዓመት ሸሚዝ ፋብሪካ ሰፋች፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ወደ ምሽጉ መጣች። መንኮራኩሩ እንደ ጌጥ ጥግ ላይ ቆሞ አቧራ ጠጥቶ አገኘችው። «ይሄ እኮ ይሠራል» አለች፤ አያቷ ስትፈትል አይታለች። ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት ፈተለችበት።

እኔንም ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ዝናብ ጎብኚ ባስቀረ ቀን በርሜል ክዳን ላይ በከሰል ትጽፍልኝ ነበር። ለማንም አልተናገረችብኝም፤ ሰው ሲመጣ በእጅጌዋ ትጠርገዋለች፤ እኔን እያየች፣ «ኦሲ፣ ዱቄቱ ተደፋ» ትላለች።

ታላቅ እህቷ ወንዙን ተሻግሮ ባለው ትልቅ ከተማ፣ በሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት ውስጥ ነው የሞተችው። ከቀብሩ ስንመለስ ዴልፊያ በመኪናው መስኮት ወደ ውኃው እያየች እጄን ያዘችኝ።

«ኦሲ፣ እኔን ወንዙን እንዳያሻግሩኝ።»

«ማን ነው የሚያሻግርሽ?»

«ግሌንዳ። ልቧ ጥሩ ነው፤ ልቧ ጥሩ የሆነ ልጅ ነው የሚያሻግርሽ። ሸለቆዬ ውስጥ ልሙት። ቃል ግቢልኝ።»

ግሌንዳ አንድያ ልጇ ናት፤ ከወንዙ ማዶ ነው የምትኖረው። እኔም ቃል ገባሁላት። ቃል ስትገቢ ቀላል ነው፤ መኪናው እየሄደ ነው፣ ውኃው እያበራ ነው፣ ወዳጅሽ እጅሽን ይዛለች።

ምሳ ሰዓት ደወሉ ሲደወል ሁላችንም ከጎተራው ጀርባ፣ ትልቁ ዛፍ ሥር እንገናኛለን። እዚያ ከዓመቱ መውጣት ይፈቀዳል። ዴልፊያ ሁልጊዜ ቀዳሚ ነበረች፤ ነጩን ቆቧን ከራሷ ላይ መንጭቃ፣ «ይሄ ነገር አንጎሌን አፈላው! ማነው ለስላሳ ይዞ የመጣ?» ትላለች። ከዚያ ስለ ቴሌቪዥኑ ድራማ፣ ማን ማንን እንደከዳ፣ እስከ ሁለተኛው ደወል ትተነትንልናለች።

የዛሬ ሁለት ዓመት በበጋ ቆቡን ማውለቅ ተወች።

መጀመሪያ ሳቅን። ስንት ለስንት ሳንድዊቹን ሲዘረጋላት ገልብጣ አየችውና፣ «እንዲህ ያለ ነጭ ዱቄት ከየት አመጣኸው? ጀልባ መጣ እንዴ?» አለችው። በሳቅ ወደቅን። በማግሥቱ ስለ ድራማው ስጠይቃት ትኩር ብላ አየችኝና፣ «ስለ የትኞቹ ሰዎች ነው የምታወሪው? ከምሽጉ ውጪ የሚኖር ዘመድ አለሽ?» አለችኝ። እኔም፣ «አቤት ትወና!» አልኩ። ክረምቱ ሊገባ ሲል የምሽጉ ኃላፊ ዌንደል ሁላችንን ሰብስቦ የምስጋና ወረቀት በመስታወት አድርጎ ሰጣት። «ወቅቱን ሙሉ፣ በምሳ ሰዓት እንኳ፣ አንድም ቀን ከዓመቱ ያልወጣች» ይላል። እኔ ራሴ ነኝ ጮክ ብዬ ያነበብኩላት። ከልጅ ልጆቼ ደብዳቤ በቀር ሰው ፊት ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ነበርና ኮራሁ። ዴልፊያ መስታወቱ ውስጥ የራሷን ፊት ታይ ነበር።

ሌላ ቦታ ቢሆን ጎረቤት ወዲያው ያውቅ ነበር። ሱቅ ሄዳ በቅቤ ፋንታ ምስማር ብትጠይቅ፣ ወይም የልጇን ስም ብትረሳ፣ ሰው ይደነግጣል። እኛ ግን ሥራችን መርሳት ነው። የረሳችውን ሁሉ እንደ ጉብዝና ቆጠርንላት።

ባለፈው መስከረም ግሌንዳ እናቷን ልታይ ወደ ምሽጉ መጣች። ዴልፊያ መንኮራኩሩን ሳታቆም፣ «ግቢ፣ መንገደኛ። ከየት ነው የመጣሽው?» አለቻት።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«መንገዱ ደህና ነው? ወንዙ ሞልቷል?»

ግሌንዳ ወደ እኔ ዞረች። ወደ ውጭ ወሰደችኝ።

«አክስት ኦሲ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እናቴ አላወቀችኝም?»

«ሥራ ላይ ናት እኮ ልጄ! ደወሉ ሳይደወል አባቷም ከመቃብር ተነሥቶ ቢመጣ ከዓመቷ አትወጣም። ሽልማቷን አላየሽም?»

«እኔ ግን ወስጄ ሐኪም ዘንድ ላሳያት፣ ከእኔ ጋር ትክረም ብዬ ነበር።»

«ከወንዙ ማዶ?»

«እና የት?»

የገባሁት ቃል ትዝ አለኝ። «ደህና ናት» አልኳት። ያን ጊዜ ጥርጣሬ በውስጤ አልነበረም ብል ውሸት ነው። ጥርጣሬውን አመድ አልብሼው ነበር።

በኅዳር ምሽጉ ለክረምት ተዘጋ። ዴልፊያና እኔ ቤታችን አንድ መንገድ ላይ ነው፤ በመካከላችን አንድ የበቆሎ ማሳ አለ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጉሙ ማሳውን ሞልቶት፣ የአጥሩ እንጨቶች ብቻ እንደ ዋናተኛ አንገት ብቅ ብቅ ብለው ነበር። ከጉሙ ውስጥ ነጭ ቆብ ወጣ። ከዚያ ሻርፕ፣ ከዚያ በክንድ የተንጠለጠለ የብረት ድስት። ድምፅ አልነበረም። ሳህን እያጠብኩ በመስኮት አያታለሁ፤ ራሷ የምትመጣ ሳትሆን ማሳው እየገፋ የሚያመጣት ትመስል ነበር።

በሩን ከፈትኩላት።

«ኦሲ፣ እሳቴ ሞተብኝ። ፍም ስጪኝ።»

ድስቷ ውስጥ አመድ ነስንሳበታለች፤ ልክ በምሽጉ ለልጆቹ እንደምናሳየው። በዚያ ቤት ለቤት እሳት መጫጫር የየዕለት ጨዋታችን ነበር፤ አንድ ቀን እሷ ከእኔ፣ ሌላ ቀን እኔ ከእሷ። ክረምቱ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበርና ጨዋታው ናፍቆኝ ነበር።

«ምድጃ ጠባቂ ነኝ ባይ!» አልኳት። «ማታ አመድ ሳታለብሺው ተኛሽ አይደል?»

«አለበስኩት። ዝናቡ በጢስ ማውጫው ገብቶ ነው።»

«ግቢና አሬራ ጠጪ።»

«ልጆቹ ብርድ ላይ ናቸው፤ አልቀመጥም።»

«እሳት የምትጭር ሴት መቼ ተቀምጣ ታውቃለች!» ብዬ ሳቅሁ። ከማገዶ ምድጃዬ ደህና ደህናውን ፍም መርጬ ድስቷ ውስጥ ጨመርኩላት፤ በአመድ ሸፈነችው፣ ክዳኑን ገጠመች። «እግዜር ይስጥሽ፤ እኔም አንድ ቀን እመልሳለሁ» አለች። ጉሙ ውስጥ ገባች። መጀመሪያ ድስቱ ጠፋ፣ ከዚያ ሻርፑ፣ ከዚያ ቆቡ።

ወደ ሳህኖቼ ተመለስኩ። ውኃው ለብ ያለ ነበር፤ ደስ ብሎኝ እያንጎራጎርኩ ነበር። አንድ ሳህን አጠብኩ። ሁለተኛውን እንደያዝኩ እጄ ውኃው ውስጥ ቆመ።

ዴልፊያ ቤት የማገዶ ምድጃ የለም። አርቪል ከሞተ በኋላ የጢስ ማውጫውን አስደፍና በኤሌክትሪክ ነው የምታበስለው።

በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ሮጥኩ። ባልዲዬን ይዤ፣ የሳህኑ ውኃ እግሬ ላይ እየፈሰሰ፣ የበቆሎው አገዳ ጉቶ ጫማዬን እየያዘኝ። ቤቷ ስደርስ በሩ ክፍት ነው። ዴልፊያ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክካለች። በምሽጉ ቤቷ ምድጃው ያለው በስተሰሜን ግድግዳ ነው፤ እዚህም በስተሰሜኑ ግድግዳ ሥር፣ በፕላስቲክ ንጣፉ ላይ ፍሙን ዘርግፋ፣ የአጥር ስባሪ ደርድራበት እፍ እፍ ትላለች። ንጣፉ እየቀለጠ ጥቁር ጢስ ይወጣል። የመጋረጃው ጫፍ መጨሰስ ጀምሯል።

«አልስብ አለኝ፣ ኦሲ» አለችኝ ቀና ብላ፤ ዓይኗ በጢሱ ያለቅሳል። «ጢስ ማውጫውን የደፈነው ማነው?»

ባልዲውን ደፋሁበት። ከቧንቧው እየሞላሁ ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

ፍሙ ሲንጫጫና ሲጠቁር አየችና ጮኸች። እንዲያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። «እሳቴን ገደልሽው! በክረምት! ምን አደረግሁሽ?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ልጆቹን ምን ላድርጋቸው?»

አቅፌያት እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ቀስ በቀስ ትንፋሿ ረጋ፤ ከዚያ ልክ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ዙሪያዋን አየችና፣ «ኦሲ፣ ይሄ ወለል ምን ሆኖ ነው? ግሌንዳ እንዳታይ» አለችኝ። ያን አፍታ እሷ ራሷ ነበረች። ያ ነው ልቤን የሰበረው።

እኔም ከመኝታ ቤቷ ምንጣፍ አምጥቼ በተቃጠለው ቦታ ላይ አነጠፍኩ። የአጥር ስባሪውንና ክብሪቱን ሰብስቤ ወሰድኩ። እዚያው እሷ ጋ ሦስት ሌሊት አደርኩ። ቀን ቀን ምንጣፉን አያለሁ። ብናገር ያሻግሯታል፤ ዝም ብል አንድ ቀን እኔ በሌለሁበት ትነድዳለች። ቃሌን ይዤ ሦስት ቀን ዞርኩ። ዓርብ ጠዋት ስልኩን አነሣሁ።

«ግሌንዳ፣ ነይ ልጄ። ነይና እናትሽን እዪ።»

ማታውን ሳትጠብቅ እኩለ ቀን ሳይሞላ ደረሰች። ምንጣፉን ራሴ ገለጥኩላት። ጎንበስ ብላ የጠቆረውን በጣቷ ነካችው።

«መቼ ነው?»

«ማክሰኞ። ፍሙን የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

«በመስከረም ስጠይቅዎ ‹ሥራ ላይ ናት› አሉኝ።»

«አልኩሽ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «እኔም ማመን ፈልጌ ነበር፣ አክስት ኦሲ። ዓመቱን ሙሉ በስልክ ‹ወንዙ ሞልቷል?› ስትለኝ ‹ሞልቷል እማዬ› እያልኩ እስቅ ነበር።»

ግሌንዳ መጦሪያ ቤት አላስገባትም፤ የራሷን ቤት አንድ ክፍል አዘጋጀችላት። ቢሆንም ከወንዙ ማዶ ነው። እኔም ከኋላ ወንበር ከዴልፊያ ጎን ተቀምጬ አብሬ ሄድኩ። ቃሌን መጠበቅ ካቃተኝ ሳፈርሰው እጇን ልያዝ ብዬ ነው። ድልድዩ ላይ ስንወጣ ውኃው ከታች ሰፊና ግራጫ ሆኖ፣ ፀሐይዋ በላዩ ላይ እንደ ቅባት ተንሳፋ ነበር።

«ማነው የሚያሻግረን?» አለችኝ ዴልፊያ።

«ድልድይ አለ።»

ብረቱን ቀና ብላ አየችው። «ማነው የሠራው?»

«እንጃ።»

«ጎበዝ ሰው ነው» አለች፤ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

አልተቀየመችኝም። ቃሉን የማስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለብቻ ሲያስታውሱት ደግሞ ይከብዳል።

ክረምቱን ሙሉ ግሌንዳ ትደውልልኝ ነበር። ሐኪሙ ማየት ያለበትን አየ፤ የሚሰጥ ነገር ሰጠ። ዴልፊያ ግን በማታውቀው ቤት ግድግዳ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ምድጃ ስትፈልግ ትውላለች። በግንቦት ምሽጉ ሲከፈት ግሌንዳ ዌንደል ጋ ሄዳ ለመነችው፤ እኔም አብሬ ቆምኩ። ዌንደል የምስጋና ወረቀቱን ነገር አንሥቶ ማልቀስ ቃጣው። «አክስቴ፣ እኔ እኮ ነኝ የሸለምኳት» አለኝ። እንዲህ ተስማማን፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ግሌንዳ ሁለት ሰዓት ነድታ ታመጣታለች። እሳቱን የምናነደው እኛ ነን፤ የብረት መከለያ አለው። ሁልጊዜ ከአንዳችን ጋር ናት። ደወሉ ሲደወል ግሌንዳ ወስዳ ትመልሳታለች።

በመጀመሪያው ቅዳሜ መንኮራኩሩ ዘንድ አስቀመጥናት። ቃጫውን ያዘች። እግሯ መርገጫውን አገኘው። የምሽጉ ግቢ ጉም አጥለቅልቆት፣ ዶሮዎቹ ብቻ ይሰማሉ። ፊቷ ሲፈታ አየሁት፤ ምድጃ መፈለጓን አቆመች። ግሌንዳም በሩ ላይ ቆማ፣ «ጎረቤት፣ ደህና አደርሽ?» አለቻት። «ደህና። መንገዱ እንዴት ነበር?» «ትንሽ ጭቃ አለው።» «ግቢ፣ ቁጭ በይ» አለቻት። ግሌንዳ ገብታ እግሯ ሥር ተቀመጠች። እናቷ ፀጉሯን ዳበሰችው፤ የማን ፀጉር እንደሆነ ግን አልጠየቀችም።

ከዚያ ጎብኚዎች ገቡ። ደጎች ነበሩ፤ ዝም ብለው ሰሟት። ስለ በጎቿ፣ ስለ ዝናቡ፣ ገና ስላልመጣው ጀልባ አወራቻቸው። ጨረስኩ ባላለችበት ቦታ አንዱ አጨበጨበ፤ ሁሉም ተከተሉት። ዴልፊያ ክሩን ለቀቀችው። በሩን አየች፣ ጣሪያውን አየች፣ እኔን አየችኝ፤ ምን ወደቀ፣ ማን መጣ፣ ምን አጠፋሁ የምትል ትመስል ነበር። እንደገና እስክትረጋ ግማሽ ቀን ፈጀብን።

ይህን በር ላይ በሰሌዳ መለጠፍ አልፈለግንም፤ ሰሌዳ ከተለጠፈባት መታያ ትሆናለች። ስለዚህ ለጎብኚዎቻችን እዚህ ላይ ጻፍኩት። ቅዳሜ ወደ ምሽጋችን ከመጣችሁ በስተቀኝ ሦስተኛው ቤት ውስጥ ናት። ግቡ። ስለ መንገዱ ከጠየቀቻችሁ የመጣችሁበትን መንገድ እንደነበረ ንገሯት፤ ዝናብ ከነበረ ዝናብ ነበር በሏት። ክር ከሰጠቻችሁ ተቀበሏት። ልትሄዱ ስትሉ፣ «በይ ጎረቤት፣ ደህና ዋይ» በሏት፤ እሷም ደህና ዋሉ ትላችኋለች። ጭብጨባውን ብቻ፣ እባካችሁ፣ ተዉላት።